ሩት ካልፈቀደች

ደብተሬን ጣላት። ከዚህ ልጀምር፤ ንዴቴም የሚጀምረው ከዚሁ ነውና። ጥቁር ሽፋን ያላት፣ ጠርዟ በፕላስተር የተጠጋገነ፣ ከሮተርዳም ገበያ በአንድ ዩሮ የገዛኋት ደብተር ነበረች። የሦስት ከተሞች ምስጢር ተጽፎባታል። የልጅ ልጄ አንድ ቅዳሜ ከአምስተርዳም መጥቶ፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ «አባባ፣ ይሄ ከእንግዲህ አያስፈልግህም» አለና ከወረቀት መጣያው ጨመራት። በዚህ አገር ወረቀት ለብቻው፣ ፕላስቲክ ለብቻው፣ ጠርሙስ ለብቻው ነው የሚጣለው። የሽማግሌ መጣያ የቱ እንደሆነ ግን ገና ምልክት አልለጠፉበትም።

«አያስፈልግህም» ሲል «አያስፈልግዎትም» ማለቱ እንደሆነ ይገባኛል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ደቾች አንተና አንቱ የላቸውም እንዳትሉ፤ አላቸው። ይኸው ልጅ ለፎቃችን አሮጊት በደችኛ አንቱ እያለ ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ወደ አማርኛ ሲሻገር ግን አንቱታውን ኬላ ላይ ይፈትሹበታል መሰለኝ፣ ባዶ እጁን ነው የሚደርስ። እሱን ለምጄዋለሁ። ኮምፒዩተሩም «አንተ» ይለኛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ማን እንደሆንሁ ልናገር። የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበርሁ። በጎጃም አንዲት ከተማ፣ ስሟን አልጠራም፣ ነገራቸውን የሰማሁባቸው ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ፣ ከእንጨት ሰሌዳ ፊት ተቀምጬ ገመድ እሰካ ነበር። ሰው የስልኩን እጀታ እንደ ቡና መፍጫ ያዞራል፤ ከእኔ ሰሌዳ ላይ የእሱ መዝጊያ ቷ ብላ ትወድቃለች፤ ገመዴን ሰክቼ «ማንን ልስጥዎት?» እላለሁ። «ልስጥዎት» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ሰውን ለሰው የመስጠት ሥራ ነበር። ነጋዴው ደብረ ማርቆስን ሲጠይቅ ከድምፁ ብቻ የጤፍ ዋጋ እንደጨመረ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ያለ ልጁ የጠፋበት አባት ሲመጣ፣ መስመር የለም በተባለበት ሰዓትም መስመር ይገኛል። የተጣሉ ባልና ሚስት ሲሆኑ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሁለቱም እስኪበርዱ ድረስ መስመሩ ይቆራረጣል። ይህን የሚያደርግ ማሽን ካለ አምጡልኝ።

የአገራችን ስልክ በፈረንጅ 1894 የተጀመረ ነው። አፄ ምኒልክ ስልክ ሲያስገቡ፣ ድምፅ ከሽቦ ሲወጣ የሰሙ ካህናት «ይህስ የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው እንደተቃወሙ ይነገራል። እኛ ማዞሪያ ቤት ውስጥ ሻይ እየጠጣን ይህን እያነሣን እንስቅባቸው ነበር። አሁን አልስቅም። ቆይቶ ይገባችኋል።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሮተርዳም፣ ከማስ ወንዝ በስተደቡብ ነው። ወንዱ ልጄ ዘ ሄግ ነው ያለ። ሴቷ አምስተርዳም፣ ደቡብ ምሥራቁ፣ ሐበሻና ጋናዊ በሚበዛበት ሰፈር፤ የልጅ ልጄ የእሷ ነው። ብርዱ ሲበረታ እኛ ሽማግሎቹ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እንዞራለን። ኮምፒዩተሬም አብራኝ ትዞራለች። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ናት፤ ነገር ግን ከአንድ ትንሽ ድፎ ዳቦ አትበልጥም። ስክሪን በየቤቱ አለ። ሳጥኗንና የቁልፍ ሰሌዳዬን ግን ለማንም አልተውም፤ የአማርኛውን ፊደል በየቁልፉ ላይ በእስክሪብቶ የጻፍሁት እኔ ነኝ። በነጠላ ጠቅልዬ፣ የገበያ ጋሪ ውስጥ አስቀምጬ፣ ከሮተርዳም ዘ ሄግ በሚደርሰው ሜትሮ እሳፈራለሁ። ሰው ጋሪዬን አይቶ ጎመን የያዝሁ ይመስለዋል።

ደብተሯ ለዚህ ነበረች። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ። ሮተርዳም ቀላል ነው፤ «በራሱ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ለቤቱ ሁሉ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ይጣራል፤ ራውተሩ «ይህችን እንካ» ይለዋል፤ «እሷን ልያዝ?» ይላል፤ «ያዝ» ይባላል። በአራት ቃል አለቀ። ዲኤችሲፒ ይሉታል፤ ደንቡ የወጣው በ1993 ነው። የሚሰጠው አድራሻ ግን የኪራይ ነው። የኪራዩ ዘመን እኩሌታው ላይ ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ሄዶ ያሳድሳል። ቤቱን መከራየቴ አንሶ ቁጥሬም ተከራይ ሆነ።

ዘ ሄግ ሌላ አገር ነው። ልጄ ከቤት ሆኖ ስለሚሠራ ኔትወርኩን እንደ ግምጃ ቤት ነው የሚጠብቅ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቋሚ አድራሻ የሚል ሕግ አውጥቷል። ስለዚህ እዚያ ስደርስ አራት ነገር በእጄ እሞላለሁ፦ የራሴን ቁጥር፤ ሰፈሩ እስከ የት እንደሆነ የሚያሳየውን የድንበር ቁጥር፤ ወደ ውጭ የሚያወጣኝን የበረኛውን ቁጥር፣ ጌትዌይ የሚሉትን፤ በመጨረሻም ዲኤንኤስን፣ ስም ስትነግረው ቁጥር የሚያመጣልህን። ይህ የመጨረሻው የሙያ ባልደረባዬ ነው። እኔንም «ሐኪም ቤቱን ስጠኝ» እንጂ በቁጥር የሚጠይቀኝ አልነበረም።

አምስተርዳም ደግሞ ዋይፋይ ነው፤ ሴቷ ልጄ የይለፍ ቃሉን በሠርግና በልደት ቀን እያቀያየረች ታወጣዋለች፣ እኔ ደግሞ የማን ልደት እንደሆነ እረሳለሁ።

መነጽሬን አድርጌ፣ ደብተሬን ዘርግቼ፣ ነጥቧን ሳልዘነጋ ስሞላ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል። አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች ሁሉም ይቀራል። ስትበራ ግን፣ ያቺ የግንኙነት ምልክት ስትበራ፣ ድሮ መስመር ሰጥቼ ከወዲያ ማዶ «ሃሎ» ሲባል የነበረኝ ዓይነት ደስታ ይሰማኛል። ባይሳካም ግድ የለም። ቅዳሜ የልጅ ልጄ ይመጣል፣ ያስተካክላል፣ ዶሮ ይበላል፣ ሦስቱንም ቡና ጠጥቶ ይሄዳል።

አሁን ስክሪፕቱ መጣ፤ የልጅ ልጄ፣ የደብተሯን ሥራ በራሱ እንዲሠራ ብሎ የጻፈው።

ስክሪፕት ማለት ለማሽን የሚተው የአደራ ቃል ነው። ባለቤቴ ወደ ሱቅ ስትወጣ «ወጡ ሲንተከተክ እሳቱን ቀንስ፤ ሰው ቢመጣ አስቀምጥ» ብላኝ እንደምትሄደው ነው። ልዩነቱ ማሽኑ አይረሳም። እኔ ወጥ አሳርሬያለሁ።

ኮምፒዩተሬ ሊኑክስ በሚባለው ነው የምትሠራ። በውስጧ ኔትወርክ ማኔጀር አለ፤ ሥራ አስኪያጅ ነው እንግዲህ። ገመድ ሲሰካ ወይም ሲነቀል፣ ዋይፋይ ሲመጣ ወይም ሲሄድ፣ ሥራ አስኪያጁ ዲስፓቸር የሚባለውን ይጠራል። ዲስፓቸርን የአዲስ አበባ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ተራ አስከባሪ ነው። አንድ ማኅደር ውስጥ የተቀመጡትን ስክሪፕቶች በስማቸው የፊደል ተራ ያሰልፋል። ከዚያ «የትኛው መስመር ነው፤ መጣ ወይስ ሄደ» የሚለውን ሁለት ቃል ብቻ እየነገረ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላውን ሳያስነሣ ይሰዳቸዋል። መገናኛ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይተን አናውቅም። የሰው ልጅ ያቃተውን ሰልፍ ከአንዲት ድፎ ዳቦ ከምታህል ሳጥን ውስጥ አገኘሁት።

ልጁ የጻፈውን ካስቀመጠ በኋላ አልሠራ አለው። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ለራሱ ያጉተመትማል።

«ለካ ፋይሉ የሩት መሆን አለበት።»

ባለቤቴ ከኩሽናው በር ብቅ አለች። እጇ ላይ ሊጥ አለ።

«የማን?»

«የሩት፣ እማማ። የሩት ካልሆነ ማሽኑ አያምነውም። ሌላ ሰው እጁን የሚያስገባበት ከሆነም እንቢ ይላል።»

«ጠንቃቃ ልጅ ናት» አለች ባለቤቴ፣ ወደ እኔ እያየች።

«ሩት ሁሉንም ማድረግ ይችላል» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

«ትችላለች በል እንጂ፣ ልጄ! ሴትን እንዲህ አይጠሩም።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ የቤታችን ወሬ ሩት ነበረች። ባለቤቴ አምስተርዳም ደውላ የማን ዘር እንደሆነች፣ ጾም ትጾም እንደሆነ፣ እንጀራ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ሴቷ ልጄ ደግሞ ደንግጣ ልጇን ያዘችው። ሩት በእንግሊዝኛ ሥር ማለት እንደሆነ፣ የማሽኑ ሁሉን አዛዥ መጠሪያ እንደሆነ፣ ሥጋና ደም እንደሌላት ሲነገራት ባለቤቴ ሦስት ቀን አኮረፈች። አዲስ ነጠላ አስባ ነበር። እስከ ዛሬ ማሽኑ እንቢ ሲል «ሩት ከፍቷት ይሆናል» ትላለች፤ ልጁም ማረሙን ትቶታል።

በምን ቋንቋ ነው የጻፍኸው ብዬ ጠየቅሁት። «ፓይዘን» አለኝ። ምን ማለት ነው? «ዘንዶ»። ስሙ ከእንግሊዝ ቀልደኞች ቡድን የተወሰደ እንጂ ከእባቡ አይደለም ብሎ ሊያረጋጋኝ ሞከረ። እሺ፣ ቀልደኛ ዘንዶ። ማን ነው ታዲያ፣ እኔ ተኝቼ ሳለሁ ገመዱን የሚጠባበቀው? «ከበስተጀርባ ዴሞን አለ፣ አባባ።» ምን አለ? «ዴሞን። ሳይታይ የሚሠራ። ብዙ ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብረው ይነሣሉ።»

እንግዲህ ያንን የምኒልክን ጊዜ ካህናት አስቧቸው። እኛ ስንስቅባቸው ኖርን። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ ሮተርዳም ላይ፣ የገዛ የልጅ ልጄ ኮምፒዩተሩ ጋኔን እንዳለበት፣ ያውም ብዙ እንደሆኑ፣ ያለ ምንም እፍረት ነገረኝ። ባለቤቴ ጸበል ልትረጭ ስትነሣ በግድ ነው የያዝኋት። ለኤሌክትሪኩ ብዬ ነው፤ በሐሳቡስ አልተቃወምሁም።

በመጨረሻ ሠራ። ገመዱን ሲሰካ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ መስኮት ብቅ አለች፦ «አባባ፣ ተገናኝተሃል።» በአማርኛ። ልጁ ደስ ይለኛል ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ከወንበሬ ተነሣሁ። ልጅ አንተ ቢለኝ ልጄ ነው፤ ሳጥን አንተ የሚለኝ ምን ቤት ነው? አንዲት ቃል ነካ አድርጎ «ተገናኝተዋል» አደረጋት። ማሽኑ በአንድ ሰከንድ ታረመ። ልጁ ሃያ ዓመት ሞልቶት አልታረመም።

ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው ብዬ ግን አልዋሽም። የአገሩ ነው። ይህ መዘዝ ሁሉ የወጣው አምስተርዳም ካለ አንድ የሒሳብና የኮምፒዩተር ምርምር ማዕከል ነው፤ ሲደብሊውአይ ይሉታል። ፓይዘንን ጊዶ ቫን ሮሱም የሚባለው ሰው መጻፍ የጀመረው እዚያ ተቀጥሮ ሳለ ነው፣ በ1989 የገና ሰሞን። በገና ሰዎች ይጾማሉ ወይ ይበላሉ፤ ይሄ ቋንቋ ይጽፋል። በ1991 ለዓለም ለቀቀው። ከዚያ በፊት፣ ኖቬምበር 17 ቀን 1988፣ እዚያው ማዕከል ፒት ቤርተማ የሚባለው ሰው አንድ ኢሜይል ደረሰው፤ ከአሜሪካው የምርምር ኔትወርክ ጋር መገናኘታቸውን የሚያበስር። አውሮፓ ወደ ኢንተርኔት የገባችው በዚያ በር ነው ይባላል። ሰዓቱም ተመዝግቧል፤ 14:28፣ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ28። ቀኑን ወደ እኛ ስመልሰው ኅዳር 8፣ 1981 ዓ.ም. ሆነ፤ የአርባዕቱ እንስሳ ዕለት። በዚያች ደቂቃ እኔ ጎጃም ላይ በሁለት እጄ ገመድ ይዤ፣ አንዱን ነጋዴ «ይጠብቁ፣ መስመር ተይዟል» እያልሁ ነበር። ሥራዬን የሚነጥቀኝ ሰው አምስተርዳም ላይ ኢሜይል እያነበበ መሆኑን ማን ይንገረኝ? አገራችን ኢንተርኔት የገባው በፈረንጅ 1997 ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ፋታ ሰጡኝ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ዳይክስትራ ነው። ኤድስኸር ዳይክስትራ የሮተርዳም ልጅ ነው፤ በ1930 እዚሁ እኔ ጋሪዬን በምጎትትበት ከተማ ተወለደ። በ1956፣ የዚያው ማዕከል የቀድሞ ስም የሒሳብ ማዕከል በነበረበት ጊዜ፣ ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ገበያ ሲዞሩ ይደክማቸዋል። ካፌ በረንዳ ላይ ቡና ሊጠጡ ይቀመጣሉ። ከሮተርዳም ግሮኒንገን የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ የትኛው እንደሆነ የሚያሰላ ዘዴ እዚያው ጭንቅላቱ ውስጥ አበጀ። ያለ ወረቀት፣ ያለ እርሳስ፣ በ20 ደቂቃ። በእኛ ቤት 20 ደቂቃ አቦሉ ገና ጀበና ውስጥ ነው! ይኸው ስሌት ዛሬ መረጃ በየትኛው በኩል እንደሚሄድ ለመምረጥ በትልልቅ ራውተሮች ውስጥ ይሠራል።

እኔ ሰሌዳዬ ላይ ሳለሁ አጭሩን መንገድ ብቻ አልከተልም ነበር። ቀጥታው መስመር የሚያንሾካሹክ ሲሆን በባሕር ዳር አዞራለሁ፤ እዚያ ያለው ማዞሪያ ወዳጄ ነው፣ ድምፁ የጠራ ነው፣ ቀልድም ያውቃል። ይህን ለልጁ ስነግረው «እሱማ ክብደት ነው፣ አባባ፤ የዳይክስትራ ስሌት ያንንም ይቆጥራል» አለኝ። የባሕር ዳሩን ወዳጄን ሳቅ በስንት ቁጥር እንደሚጽፈው ግን አልነገረኝም።

ያም ሆኖ ለዳይክስትራ አዝንለታለሁ። በ1957 ሲያገባ ሥራህ ምንድን ነው ተባለ። ፕሮግራመር አለ። የአምስተርዳም ከተማ ሹማምንት እንዲህ ያለ ሙያ የለም ብለው እንቢ አሉ፤ በጋብቻ ወረቀቱ ላይ የቲዎሪ ፊዚክስ ሊቅ ተብሎ ተጻፈ። እኔም ወደዚህ አገር ስመጣ አንድ ጠረጴዛ ፊት ቀርቤ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ነበር። ልጅቷ ዝርዝሯን ከላይ እስከ ታች ፈለገች፣ አጣችው፣ ሌላ ነገር መረጠች። ምን እንደመረጠች እስካሁን አላውቅም። የእሱ ሙያ ገና ስላልነበረ ነው፣ የእኔ ደግሞ ስለሌለ።

አድራሻውም አልቋል፤ ይህን ታውቁ ነበር? በአሮጌው አቆጣጠር የዓለም የኢንተርኔት አድራሻ 4 ቢሊዮን ከ300 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለአውሮፓና ለመካከለኛው ምሥራቅ የሚያድለው ራይፕ ኤንሲሲ የሚባለው ድርጅት መቀመጫው እዚሁ አምስተርዳም ነው። ኖቬምበር 25 ቀን 2019 «አለቀ» አለ፤ ልክ እንደ ቀበሌ ሱቅ ስኳር። ስለዚህ ቤት ሁሉ በውስጡ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጠቀማል። የእኛ ሦስቱም ቤቶች በረኛቸው 192.168.1.1 ነው። ሮተርዳምም፣ ዘ ሄግም፣ አምስተርዳምም። በዚህ ቁጥር ቤት መለየት አይቻልም። አዲስ አበባ ቢሆን ማንም አይደነግጥም፤ የቤት ቁጥር ምን ሠርቶ ያውቃል? «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊ በር ያለው» ነው የሚያደርስ። ልጁም እንዲያው አደረገ። ስክሪፕቱ የበረኛውን አድራሻ ትቶ ከፋብሪካ ተጽፎበት የወጣውን የሰውነቱን መለያ ይመለከታል፤ ስድስት ጥንድ ፊደልና ቁጥር ነው። ይህ መለያ ከሆነ ሮተርዳም ነን፣ በራሱ ይሁን። ያኛው ከሆነ ዘ ሄግ ነን፣ ቋሚውን አድራሻ አግባ። ብልህ ነገር ነው፤ አልክድም።

ብልህነቱ እስከ ጥር ድረስ ሠራ።

ወንዱ ልጄ አዲስ ራውተር ገዛ። አሮጌውን፣ የእኛ ዘር ስለሆነ፣ መጣል አልሆነለትም፤ ለእህቱ ሰጣት። እኔ ይህን አላወቅሁም። አምስተርዳም ሄጄ ሳጥኔን አስቀመጥሁ፣ አበራኋት፣ መስኮቷ ብቅ አለች፦ «አባባ፣ ዘ ሄግ እንኳን ደህና መጡ።»

በዚህ ዕድሜ «ያሉበት ሌላ ቦታ ነው» ሲባል ዝም ብሎ አይታለፍም። በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ዓመቱን ጠይቆኝ በእኛ አቆጣጠር መልሼለት፣ አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር ጽፎ ነበር። ስለዚህ ቀስ ብዬ ወደ መስኮቱ ሄድሁ። ሜትሮው በድልድዩ ላይ ያልፋል። የጋናዋ ሴትዮ ልጆቿን እየጎተተች ትሄዳለች። አምስተርዳም ነው። ተመለስሁ። «ዘ ሄግ» ይላል። ልጄን ጠርቼ፣ ነገሩን አቅልዬ፣ «እዚህ የት ነው?» አልኋት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ያንን ፊት ያመጣብኝ ስክሪፕት ነው፤ ይህን ይቅር አልልም።

በዚያ ላይ ማሽኑ ዘ ሄግ ነኝ ስላለ ቋሚውን አድራሻ ይዞ ገባ። ያ አድራሻ እዚህ ቤት ለቴሌቪዥኑ ተከራይቷል። ሁለት ሰው በአንድ ቤት ቁጥር ሲኖር ፖስተኛው ምን ያደርጋል? አንዴ ለእኔ ይሰጣል፣ አንዴ ለእሱ። እኔ ጋዜጣ ስከፍት የሴት ልጄ ድራማ ይቆማል፤ ድራማው ሲቀጥል ጋዜጣዬ ይሞታል። ሙሽራዋ ልታለቅስ አፏን ከፍታ አስር ደቂቃ ቆየች። ክሴን ለዘ ሄግ ላቀርብ ዛትሁ፤ ፍርድ ቤቱ እዚያው በ1913 በተመረቀው የሰላም ቤተ መንግሥት አለና። ወንዱ ልጄ በስልክ «አባዬ፣ እዚያ መንግሥት መንግሥትን ካልከሰሰ አይሰሙም» አለኝ። ዞሮ ዞሮ ጥፋተኛው የእሱ ራውተር ነው፣ ምን ይበል።

የልጅ ልጄ ያንን ከዩኒቨርሲቲው ሆኖ፣ ሳይመጣ፣ በሩቅ አስተካከለው። «ሳይመጣ» የሚለውን አስምሩበት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜዎቹ ባዶ ሆኑ እያልሁ አይደለም። ፈተና አለው፣ ጓደኛ አለው፣ ከአምስተርዳም ሮተርዳም ፈጣኑ ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው ግን ባቡር ገንዘብ ነው። ይገባኛል። ደግሞስ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ሁሉ ነገር በራሱ ሆኗል።

አንድ ቅዳሜ እንግዲህ ገመዱ ወለቀ። እንዴት እንደወለቀ አላውቅም፤ ደቾች ሜተርካስት በሚሉት፣ የመብራትና የጋዝ ቆጣሪው ባለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ራውተሩ ያለ፤ አይጥ ይሆናል። አሁን ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ልደውልለት እችላለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ አልጠፋም! ማሽኗ ለገመድ 100፣ ለዋይፋይ 600 የሚል ቁጥር አላት፤ ያነሰው ይቀድማል፣ ያነሰው ሲቀር የበለጠው ይተካል። ገመዱን ነቅዬ፣ ማለቴ ገመዱ ወልቆ፣ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ «በዋይፋይ ተገናኝተዋል» አለችኝ። እንዲህ ያለ ታዛዥነት ያስጠላል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ራውተሩ ራሱ ጠፋ። መብራቱ ድርግም። አይጧ ብርቱ ናት። ለልጁ ስደውልለት «አባባ፣ ተመልሶ በርቷል እኮ፤ ስክሪፕቱ አሁን መልእክት ላከልኝ» አለኝ። ለካ ባለቤቴ እየተከታተለች መልሳ ታበራዋለች፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቅዳሴ የምታየው በእሱ ነው።

አምስተኛው ቅዳሜ ላይ ሳይነግረን መጣ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለካስ ይህ ማሽን የሚያየውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ጆርናል ይሉታል፣ እንደ ድሮው የቀበሌ ጥበቃ፣ ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ በስንት ሰዓት። ልጁ ማንበብ ጀመረ። ቅዳሜ 14:05 ገመድ ወጣ። ቅዳሜ 14:03 ራውተር ጠፋ። ቅዳሜ 14:06። ቅዳሜ 14:04። በእኛ 8 ሰዓት አካባቢ መሆኑ ነው፣ ድሮ በሩን የሚያንኳኳበት ሰዓት።

«አይጥ ናት» አልሁት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ?»

«የደች አይጥ ናት። በቀጠሮ ነው የምትመጣው።»

ምንም አልመለሰም። ጃኬቱን አውልቆ ተቀመጠ። የዚያን ቀን ከስክሪፕቱ ላይ አንዲት መስመር ሲጨምር አየሁ፤ ምን እንደሆነ ብጠይቀው «የሩት ጉዳይ ነው» ብሎ ሳቀ። ዶሮ በላ፤ ሦስቱንም ጠጣ። ከወረቀት መጣያው ያወጣት እሱ ይሁን ባለቤቴ አላውቅም፣ ሲሄድ ደብተሬ ከቁልፍ ሰሌዳው አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስክሪፕቱ ተበላሽቷል። በሳምንቱ መካከል ደህና ነው፤ አድራሻውን ይይዛል፣ ከተማውን ያውቃል፣ አንቱ ይለኛል። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ግን፣ ገመዱ ተሰክቶ፣ ዋይፋዩ በርቶ፣ ቅዳሴው እየተላለፈ ሳለ፣ ያቺ መስኮት ብቅ ትላለች፦ «አባባ፣ የኔትወርክ ችግር አለ። ልጁን ይጥሩት።»

ይኸው ዛሬም ብቅ አለች። ደወልሁለት። «መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ፤ የባቡሩ ድምፅ ይሰማል። አላልኋችሁም? በራሱ የሚባል ነገር አይሠራም። ባለቤቴ ሽንኩርት መክተፍ የጀመረችው ከማለዳ ነው። እንዴት ቀድማ እንዳወቀች አልጠየቅኋትም።